ዘጠኝ ጀሪካን ተጣርቶ ግማሽ ብርጭቆ ሽንት እንዴት ይወጣል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለእህቴ ባዮሎጂ ሳስጠናት፣ ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም እንደሚያጣሩ አነበብን፤ ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ መሆኑ ነው። እኔ ግን ባለፈው ሚያዝያ ጣና ላይ በጀልባ ስዘዋወር ውዬ ባሕር ዳር ስመለስ የሸናሁት ከግማሽ ብርጭቆ የማይበልጥ፣ ከጠጅ የደመቀ ቢጫ ነበር። የቀረው የት ገባ?

መልስ 1፦
የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው «ማጣራት» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በኔፍሮኑ ጫፍ ወዳለው የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅል (ግሎሜሩለስ) ደም የሚያስገባው ቧንቧ ከሚያስወጣው ስለሚሰፋ፣ ደሙ እዚያ በግፊት ይጨናነቅና ውሃው፣ ጨው፣ ግሉኮሱ (የደም ስኳር) እና ዩሪያው (ከፕሮቲን የሚመጣ ቆሻሻ) ተጨምቀው ጥቅሉን ወደከበበው የቦውማን ከረጢት ያልፋሉ፤ የደም ሕዋሳትና ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን በደሙ ውስጥ ይቀራሉ። እንግዲህ ያለፈው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ቀጥሎ ባለው ጥምዝምዝ ቱቦ ከውሃውና ከሶዲየሙ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ፣ በጤነኛ ሰው ደግሞ ግሉኮሱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ተለቅሞ ወደ ደም ይመለሳል። በሰውነታችን ያለው የደም ፕላዝማ (ከሕዋሳቱ ውጭ ያለው የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሦስት ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያው ፈሳሽ በቀን 60 ጊዜ ያህል ተመላልሶ ይጣራል ማለት ነው።

ጠያቂ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ዕለት ግን ከወትሮው ለምን አነሰ?

መልስ 2፦
የላቦራቶሪ ባለሙያ እንደመሆኔ ይህን ልመልስ። በላብ ብዙ ውሃ ሲወጣ የደሙ ጨዋማነት ይጨምራል፤ አንጎል ይህን ሲያውቅ ፀረ-ሽንት ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል፤ ሆርሞኑም የኔፍሮኑ የመጨረሻ መተላለፊያ በሆነው በሰብሳቢው ቱቦ ግድግዳ ላይ የውሃ መተላለፊያዎች እንዲበዙ ያደርጋል። ከጥምዝምዙ ቱቦ ቀጥሎ ያለው እጥፋት፣ የሄንሌ ቀለበት፣ የኩላሊቱን ውስጠኛ ክፍል አስቀድሞ እጅግ ጨዋማ አድርጎት ስለሚቆይ፣ ውሃው ከቱቦው ወደዚያ ይሳብና ወደ ደም ይመለሳል። ዩሪያውና ቢጫው ቀለም በጥቂት ውሃ ተበጥብጠው ስለሚቀሩ ያዩት ድምቀት ይፈጠራል፤ በደንብ ውሃ ሲጠጡ ደግሞ ሆርሞኑ ይቀንስና ሽንቱ ይነጣል።

ለእህትዎ አንድ ነገር ልጨምርላት። 180 የምትባለው ቁጥር እኛም ዘንድ አለች፤ በአንድ ዴሲሊትር (መቶ ሚሊሊትር) ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ለቀማው ስለማይዳረስ፣ የተረፈው ስኳር ሽንት ውስጥ ይገኛል፤ መመርመሪያዋ ወረቀትም ቀለሟን ትቀይራለች።