ከኤኤስ 400 ሪፖርት በኢሜይል መላክ ይቻላል?

ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፋብሪካችን መጋዘን ሂሳብ የሚሠራው ኤኤስ 400 በሚባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር ነው፤ የሲስተሙ ቨርዥን 7.3። ማታ የሚወጣውን የክምችት ሪፖርት አትመን በሾፌር ደሴ ቢሮ እንልካለን። ክረምት መንገዱ ላይ ያለው ሐረጎ ተራራ በጉም ሲሸፈን ወረቀቱ ከሰዓት ይደርሳል፤ ግዢ ክፍሉ እስከዚያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሲኤል (የማሽኑን የትእዛዝ ቋንቋ) እጽፋለሁ። ሶፍትዌር መግዛት ግድ ነው?

ከደሴ፦
አብሽር፣ ምንም አትግዛ። 7.3 ላይ «ሴንድ ኤስኤምቲፒ ኢሜይል» የሚባል ትእዛዝ ሲስተሙ ውስጥ አለ (ኤስኤምቲፒ ኢሜይል የሚላክበት ደንብ ነው)። መጀመሪያ ስፑል ፋይሉን፣ ማለትም ለመታተም የተዘጋጀውን ሪፖርት፣ «ኮፒ ስፑልድ ፋይል» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረህ አይኤፍኤስ (የማሽኑ የፎልደር ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጥ፤ ለዚህ ትራንስፎርም ሰርቪስስ የሚባለው የአይቢኤም ፕሮግራም መጫን አለበት። ከዚያ አባሪ አድርገህ ላከው።

አደራ የምልህ ዩዘሩን ነው። ቀን በራስህ ስም ስትሞክር ይሄዳል፤ ማታ ሥራው በሌላ ዩዘር ሲነሳ ግን ያ ዩዘር ለኤስኤምቲፒ ካልተመዘገበ አይላክም። ስለዚህ የማታውን ዩዘር አስመዝግብ።

ሌላ መላሽ፦
በቀጥታ ወደ ውጭ አትላክ፤ ፖርት 25 (ኢሜይል ወደ ሌላ ሰርቨር የሚወጣበት በር) ብዙ ቦታ ዝግ ነው። የኤስኤምቲፒ ቅንብሩ ላይ የድርጅታችሁን ሜይል ሰርቨር ሜይል ራውተር (መልእክቱን አስተላላፊ) አድርገው፣ «ፋየርዎል» የሚለውንም «የስ» በለው። የሜይል ሰርቨሩ ኃላፊም የማሽናችሁን አይፒ እንዲፈቅድ ንገሩት።

ከኮምቦልቻ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የዕቃ ስም በአማርኛ ቢሆንስ?

ከደሴ፦
ኢቢሲዲክ 37 በሚባለው የማሽኑ የፊደል ኮድ ውስጥ ፊደላችን የለም። ጽሑፉን በሲሲኤስአይዲ (የፊደል ኮድ መለያ ቁጥር) 1208፣ ማለትም በዩቲኤፍ 8፣ ፋይል ላይ ጽፈህ አባሪ አድርገው። የመልእክቱን ርዕስ ለጊዜው በላቲን ተወው።