የ5 ቀን ቡችላ ከወንድሞቹ ተለይቶ እየጫጨ ነው፣ ምን ላድርግ?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጀርመን ሼፐርድ ድቅል ውሻችን 6 ወልዳ ዛሬ 5ኛ ቀናቸው ነው። አምስቱ ደህና ናቸው፤ ከ560 እስከ 600 ግራም ደርሰዋል። ስድስተኛው ሲወለድ 390 ግራም ነበር፣ ዛሬ በኩሽና ሚዛን 350። ሌሎቹ ተደራርበው ሲተኙ እሱ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። ጡት ሳስይዘው ሁለት ሦስቴ ስቦ ይለቀዋል። እናቱም በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ትተወዋለች። ያሉት ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ከጠዋት ጀምሮ የላም ወተት በሲሪንጅ ብሰጠው በአፍንጫው ይመለሳል፣ ሆዱም ተነፍቷል። ጎረቤት ደግሞ ለጋ ቅቤ አስውጪው ይሉኛል። በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ስንት ሚሊ ልስጠው?

ቡችላ አርቢ፦
እህቴ፣ ስንት ሚሊ የሚለው ይቆይና መጀመሪያ ወተቱን አቁሚ። የፋርማሲ ዲጂታል ቴርሞሜትር ጫፉን ቫዝሊን ቀብተሽ በፊንጢጣው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቢና ለኪ። በመጀመሪያው ሳምንት ጤነኛ ቡችላ ከ35 እስከ 37.2 ዲግሪ ነው። ከ34.4 ከወረደ አንጀቱ መንቀሳቀስ ያቆማል። ያኔ የሰጠሽው ወተት እዚያው ተቀምጦ ይቦካል፣ ሆዱን ይነፋዋል፣ ተመልሶም ሳንባው ውስጥ ይገባል። የምትገልጪው ነገር ይህንኑ ይመስላል። እናቲቱ የምትገፋውም ክፉ ሆና አይደለም፤ የቀዘቀዘ ቡችላ ለእሷ የሞተ ያህል ነው።

የክረምት ሌሊት በአዲስ አበባ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ቡችላ ደግሞ ገና መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም፣ ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ብቻ ነው። ካርቶኑን ከሲሚንቶው ላይ አንሺና ከስሩ ጣውላ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጊ። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልይና በአንድ ወገኑ ብቻ አስቀምጪ፣ ሲሞቀው ሸሽቶ የሚሄድበት ቦታ ይኑረው። ቡችላው የሚተኛበት ቦታ 30 እስከ 32 ዲግሪ ይበቃዋል። ውሃው በየሰዓቱ ይቀየር፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ሙቀቱን መልሶ ይወስድበታል። በከሰል ምድጃ የተዘጋ ክፍል እንዳታሞቂ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ አንቺንም ጭምር።

በሰዓት 1 ዲግሪ ያህል ይጨምር እንጂ አትቸኩዪ። በአንዴ ከሞቀ የቆዳው ደም ስሮች ይከፈቱና ደሙ ከልብና ከአንጎል ይሸሻል። እየሞቀ ሳለ የደም ስኳሩ እንዳይወርድ ከፋርማሲ የሚገኘውን 40% ግሉኮስ 1 ሚሊ በ3 ሚሊ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በርዢና (10% ይሆናል) 3 ወይም 4 ጠብታ ድዱ ላይ በጣትሽ እሺለት። ይህ በአፍ ውስጥ ቆዳ ትንሽ ትንሽ ይገባል። አታስውጪው፣ አሁን መዋጥ ላይችል ይችላል።

ጓሮ ጠባቂ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ባለ 100 ሻማ አምፖል ስቀዪለት፣ ትንሽ ማር አልሺው፣ ተቅማጥ ካለ ደግሞ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍተሽ ቁንጥጫ ስጪው።

ቬት ቢሾፍቱ፦
አምፖሉ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተሰቀለ፣ ስሩም ቴርሞሜትር ካለ ችግር የለውም፤ ቀርቦ ከተሰቀለ ግን ያደርቀዋል፣ ቆዳውንም ያቃጥለዋል። ቴትራሳይክሊኑን ግን እርሱት። ለበግና ለፍየል የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌም ያው ነው፤ እያደገ ካለ አጥንትና ጥርስ ጋር ይጣበቃል። ክሎራምፌኒኮልና ጄንታማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮችም ለዚህ ዕድሜ አይደሉም። መድኃኒት ካስፈለገ እንደ አሞክሲሲሊን ያሉት ይሻላሉ፣ መጠኑን ግን የሚያየው ሐኪም በግራም አስልቶ ይስጥ። የጥገኛ ተባይ መድኃኒቱ ኢቨርሜክቲንም ከ6 ሳምንት በፊት አይነካም።

ቅቤው ለሕፃንም የሚደረግ ነገር ስለሆነ ጎረቤት በቅንነት ነው የሚመክሩት። ለቡችላ ግን አደገኛ ነው፤ ቅባት ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ ሳል አያስነሳም፣ ዝም ብሎ ሳንባ ውስጥ ቀርቶ ያቆስላል።

የሰሚቷ፣ አሁን አራት ነገር እይና ንገሪን። 1. አፉን ከፍተሽ በባትሪ መብራት ላንቃውን እዪ፣ መሃሉ ላይ ስንጥቅ ካለ በአፍንጫ የሚመለሰው በዚያ ነው። 2. እትብቱ ቀልቷል ወይስ አብጧል? 3. ድዱ ነጭ ከሆነ ቁንጫ ፈልጊ፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ ቁንጫ ደሙን ይጨርሰዋል። ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት አትንኪ፣ በጥርሰ ጠባብ ማበጠሪያ ለቅመሽ የሳሙና ውሃ ውስጥ ክተቺያቸው። 4. የእናቲቱን ጡቶች አንድ በአንድ ዳብሺ፣ ሙቀቷንም ለኪ።

የሰሚቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስለካው 33.8 ነበር። በጠርሙሱ ሙቀት በ2 ሰዓት ተኩል ውስጥ 36.1 ደርሷል፣ ልቅሶውንም ተወ። ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ አሁን ደህና አድርጎ ይስባል። ላንቃው ሙሉ ነው፣ እትብቱ ደርቋል፣ ድዱ ሮዝ ነው። እናቲቱ ግን ከኋላ በግራ ያለችው ጡቷ ጠንካራና ትኩስ ናት፣ ስነካት ታጉረመርማለች። ሙቀቷ 39.6።

ቡችላ አርቢ፦
ጥሩ፣ አሁን ይበላል። መጀመሪያ ጤነኛ ጡት ላይ አስይዢው፤ ትልልቆቹን ለ20 ደቂቃ ለይተሽ እሱን ብቻውን ተዪው። ካልበቃው በእጅ ትጨምሪያለሽ።

ወተት፦ የላም ወተት ብቻውን አይሆንም። የውሻ ወተት በስብም በፕሮቲንም የላምን እጥፍ ያህል ነው፣ የወተት ስኳሩ ግን ያነሰ ነው። የቡችላ ዱቄት ወተት ካገኘሽ እሱን ያዢ። እስኪገኝ ድረስ 240 ሚሊ የፈላና የቀዘቀዘ ስቡ ያልወጣለት ወተት፣ 3 የእንቁላል አስኳል (ነጩ አይገባም)፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ቁንጥጫ ጨው መትተሽ አጥልዪ። በፍሪጅ ከ24 ሰዓት አይለፍ። የምትሰጪውን ብቻ 38 ዲግሪ አድርሺ፣ በክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ላይ ስታንጠባጥቢው ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማሽ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምግቦች በእኩል መጠን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አቅጥኚ።

መጠን፦ ሆዱ የሚይዘው ለ100 ግራም ክብደት 4 ሚሊ ነው። ለ350 ግራም 14 ሚሊ ማለት ነው፤ ይህ ጣሪያው ነው እንጂ መነሻው አይደለም። በ6 ሚሊ ጀምረሽ በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም፣ ስጪ። ሆዱ ባዶና ለስላሳ ሆኖ ከመጣ በየጊዜው 1 ሚሊ ጨምሪ።

አሰጣጥ፦ ከሳበ በትንሽ ጡጦ፣ በደረቱ አስተኝተሽ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ። በጀርባው አስተኝቶ እንደ ሕፃን ማጥባት ነው ብዙውን የሚገድለው። በሲሪንጅ አፉ ውስጥ መግፋትም ያው ነው፤ የሚውጠውን መጠን የሚወስነው እሱ ሳይሆን ጣትሽ ስለሚሆን።

መሳብ ከደከመው ብቻ የሕፃናት ኤን ጂ ቲዩብ (እስከ ሆድ የሚገባ ቀጭን የመመገቢያ ቱቦ) ተጠቀሚ። ከ300 ግራም በላይ ስለሆነ ቁጥር 8 ይሻላል፣ ወፍራሙ ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ይከብደዋልና። ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መጨረሻዋ የጎድን አጥንት ለክተሽ ሦስት አራተኛው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጊ። ጫፉን ወተት ነክረሽ በምላሱ ላይ ቀስ አድርገሽ አስገቢ። ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ከቆመ አውጪው፣ አትግፊ። አለመሳሉን እንደ ማረጋገጫ አትቁጠሪው፤ እስከ 10 ቀን ገደማ ያ ምላሽ ገና አልተሠራም። ቲዩቡ ገብቶ ሳለ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ከቻለ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ወተቱን በ2 ደቂቃ ቀስ ብለሽ አስገቢና ስታወጪው ቲዩቡን አጥፈሽ ቆንጥጪው፣ ያለበለዚያ የተረፈው ጉሮሮው ላይ ይንጠባጠባል። የመጀመሪያውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይሁን።

ከበላ በኋላ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ ይዘሽ ብልቱንና ፊንጢጣውን አሺለት፤ እስከ 3 ሳምንት ድረስ ራሱ አይሸናም። ሽንቱ ውሃ መሳይ ከሆነ ጥሩ፣ ከጠቆረ ውሃ አንሶታል። ዓይነ ምድሩ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ይሁን። ነጭ የረጋ ወተት የመሰለ ነገር ከወጣ አብዝተሻል፣ መጠኑን በግማሽ ቀንሺ።

ቬት ቢሾፍቱ፦
የእናቲቱ 39.6 ከፍ ያለ ነው፣ ጤነኛ ውሻ ከ39.2 አያልፍም። የጡት መቁሰል ጀምሯታል። ከዚያች ጡት ጥቂት ወተት በነጭ ወረቀት ላይ እለቢ፣ ቢጫ፣ ደም ያለው ወይም የተቆራረጠ ከሆነ ቡችሎቹን በጨርቅ ከልክያቸው። ሌሎቹ ጡቶች ይጠቡ። ለብ ባለ ፎጣ በየ4 ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ሸፍነሽ አልቢያት። ነገ ጠዋት ሐኪም ትታይ፣ ቅርብ ካጣሽ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያያል። እሷ ካልታከመች ሌሎቹ አምስቱም ይከተላሉ።

የሰሚቷ፦
ሐኪም አይቷት መርፌ ጀመረች። ቡችላው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ350 ወደ 357 ገባ። 9 ሚሊ ይወስዳል፣ ሙቀቱ 36.4። ከወንድሞቹ ጋር ልመልሰው?

ቡችላ አርቢ፦
7 ግራም መውረዱን አቆመ እንጂ ገና ማደግ አይደለም። ከተወለደበት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ በቀን፣ ማለትም ለእሱ ከ20 እስከ 39 ግራም መጨመር አለበት። ለሙቀቱ ከወንድሞቹ ጋር ይተኛ፣ ብቻ ጠርሙሱ ከስር ይኑር፣ ሲጠቡም ተራ ጠብቂለት። የእጅ ምግቡን ሁለት ቀን ተከታትሎ በየቀኑ 20 ግራም እስኪጨምር አታቋርጪ። ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብ በፊት መዝኚ። ከበላ በኋላ ከመዘንሽው ወተቱን ነው የምትመዝኚው።