ለልጆች ቁስል ማጠቢያ የቪአር መነጽር፦ የመጨረሻ ረቂቅ (ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ግሩፕ)

ጸሐፊ፦ ሁለት ኩዌስት 2 (ዓይን ላይ ታስሮ ሌላ ዓለም የሚያሳይ የቪአር መነጽር)፣ ለጤና ጣቢያው ፋሻ መቀየሪያ ክፍል። ልጁ ቁስሉ ሲታጠብ በመነጽሩ ውስጥ የበረዶ ኳስ እየወረወረ ሕመሙን እንዲረሳ ነው። ከ10 ዓመት በታች አምራቹ አይፈቅድም። ተቃውሞ ያለው ዛሬ ይናገር።

ብሎክ 14፦ ጨዋታው ለምን በረዶ ሆነ? የኮዬ ልጅ በረዶን የሚያውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው።

ሲስተር፦ በረዶው ለቃጠሎ ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎቹ ሆፍማንና ፓተርሰን ሲያትል የበረዶውን ጨዋታ ሲያመጡም ታካሚው እሳቱን እንዳያስብ ብለው ነው።

ብሎክ 14፦ ሲያትል ሌላ፣ ኮዬ ሌላ።

ብሎክ 31፦ በበረዶው ፈንታ የመናገሻ ሱባን ደን በ360 ካሜራ (ዙሪያውን ሁሉ በሚቀርጽ) እንቅረጽ። ጉሬዛው ሞልቷል።

ሲስተር፦ ማየት ብቻ አይበቃም። ሕመም ትኩረት ይፈልጋል፤ ልጁ አልሞ ሲወረውር ለቁስሉ የሚተርፈው ትኩረት ያንሳል። ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ፋሻው ሲላቀቅ ወደ ቁስሉ ይመለሳል።

ብሎክ 14፦ ጉሬዛ ይሻላል። ገንዘቡ የኛ ነው፣ አስተማሪ አትሁኚብን።

ሲስተር፦ ቁስሉን የሚያጥበው እጅ ግን ያንተ አይደለም።

ብሎክ 8፦ ኧረ ተዉ!

ብሎክ 22፦ ከቀረጻችሁ ካሜራው ትሪፖድ ላይ ይቁም፤ ከባጃጅ ላይ የተቀረጸ ያስታውካል። ተኝቶ የሚታከም ልጅ የሚያየው ጣሪያ ስለሆነ፣ ከተኛ በኋላ የእይታው መሐል እንደገና ይስተካከል። ባትሪው ቢበዛ 3 ሰዓት ነው፤ ፓወር ባንክ ይጨመር። ጨዋታው ቀድሞ ይጫን፣ ዋይፋይ አትመኑ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፊት የሚነካው ስፖንጅ ላብ ይጠጣል። የሲሊኮን ሽፋን በጀት ላይ የለም።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ እሱማ ግዴታ ነው፤ እከክና የዓይን ማዝ ይዛመታል። ሌንሱን አልኮል እንዳይነካው፣ ደረቅ የመነጽር ጨርቅ ብቻ። ፊቱ የቆሰለና የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አያደርግም። ፓራሲታሞሉም አይቀርም፤ ፋሻው ከመፈታቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይሰጥ።

ብሎክ 14፦ እሺ ሲስተር፣ አትቀየሚኝ። በረዶውን ግን አልቀበልም።

ጸሐፊ፦ አሠለጥናለሁ ያለው ብሎክ 5 የት ገባ?

ብሎክ 22፦ ግሩፑን ለቋል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው አንድ መነጽር ከነሲሊኮኑ፣ በሌላው ፈንታ ካሜራ። የሱባ ትራንስፖርትም ይያዝ።

ብሎክ 8፦ ሽሮና የፈላ ውሃ የሚፈስባቸው ሕፃናትስ? ክፍሉን የሚሞሉት እነሱ ናቸው፣ መነጽሩ ደግሞ ለእነሱ አይሆንም።

ሲስተር፦ ለእነሱ የእናት ጭንና የሳሙና አረፋ ማስነፋት። አረፋው በጀት ላይ ይግባ ብዬ ነበር።

ብሎክ 31፦ ለሱባ እሑድ ይመቻችኋል?

ብሎክ 14፦ እሑድ ዕድር አለ።