«ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ግን አይዘፈንም»፦ ለገበያ የሚሆን የዘፈን ግጥም መጻፍ እንዴት ይለመዳል?

ደብተሩ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ግጥም ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ በሥነ ጽሑፍ ምሽቶች ላይ አንብቤም ጭብጨባ አላጣሁም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልቤ ወደ ዘፈን ግጥም ስላዘነበለ ሦስት ሥራዎቼን ለአንድ ድምፃዊና ለአንድ አቀናባሪ አሳየሁ። ሁለቱም ሳይመካከሩ የሰጡኝ መልስ አንድ ነበር፤ «ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ግን አይዘፈንም»። ለምን እንደማይዘፈን ስጠይቅ ድምፃዊው «አፌ ላይ አልሄድ አለኝ» ከማለት በቀር ያብራራልኝ ነገር የለም፤ አቀናባሪው ደግሞ ስልክ ተደውሎለት ወጣ፣ አልተመለሰም።

ከዚህ ሙያ እንጀራ መብላት እፈልጋለሁ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ ኖታም አላነብም። ሰው የሚገዛውንና የሚያንጎራጉረውን ዘፈን መጻፍ በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ ነገር ነው ወይስ ሲፈጥር የሚሰጥ ነው? የሚገኝ ከሆነስ ከየት ልጀምር? እንድትፈርዱኝ ካልተዘፈኑት አንዱን አዝማች እነሆ፦

የትዝታሽ ጥላ በኅሊናዬ አድማስ፣
እንደ ማታ ጀንበር ቀልቶ ሲመለስ።

የድሮ ካሴት

ወንድሜ፣ ደብተርህን ሳትደብቅ ስላሳየኸን እኔም ሳልደብቅ ልንገርህ። በካሴት ዘመን ማብቂያ አካባቢ ወደዚህ ሙያ ገብቼ እስካሁን አልወጣሁም። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ይለመዳል፤ የማይለመደው ትንሹ ክፍል ደግሞ ካለህ አለህ፣ ከሌለህም በቀረው ተሸፍነህ ኑሮህን ልትመራ ትችላለህ።

መጀመሪያ ስንኝህን በአፍህ ቁጠረው፤ በፊደል እንዳትቆጥረው። «ክረምት» በወረቀት ላይ አራት ፊደል ነው፣ በአፍ ግን «ክ-ረምት» ተብሎ በሁለት ምት ያልቃል። በዚህ አቆጣጠር «የትዝታሽ ጥላ» ስድስት፣ «በኅሊናዬ አድማስ» ሰባት፣ «እንደ ማታ ጀንበር» ስድስት፣ «ቀልቶ ሲመለስ» አምስት ይሆናል። የመጀመሪያው ስንኝ በአንድ ይተርፋል፣ ሁለተኛው በአንድ ይጎድላል። ስታነበው ድምፅህን እያረዘምክና እያሳጠርክ ስለምታቻችለው አይታወቅህም፤ ዜማ ግን አያቻችልም። በዚያ ላይ «ዬ» እና «አ» ጎን ለጎን ስለወደቁ ድምፃዊው ቢወድም ባይወድም «ኅሊናዬድማስ» ብሎ ይውጠዋል። «አፌ ላይ አልሄድ አለኝ» ያለህ ይህንን ነው፤ ሰውየው እውነቱን ነው፣ ስሙን አላወቀውም እንጂ።

አባቶቻችን የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ልክ ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን የሚባለውን አምስት አምስት አድርገው የከፈሉት ለጌጥ አይደለም፤ እስክስታም ልቅሶም በዚያ ልክ ስለሚሄድ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጣትህን ሳታጥፍ እስክትቆጥራቸው ድረስ ተለማመድ። ከዚያ እንደፈለግህ ብታፈርሳቸው ያምርብሃል።

ሁለተኛው ነገር ሐሳቡ ነው። ጥላ ይቀላል ወይ? እኔ ቀልቶ ያየሁት ጥላ የለም። አንባቢ ተመልሶ ያነበዋል፣ ያሰላስላል፣ «ምናልባት ገጣሚው እንዲህ ማለቱ ይሆናል» ብሎ ይሟገትልሃል፤ ታክሲ ውስጥ ቆሞ የሚሄድ አድማጭ ግን አንድ ጊዜ ሰምቶ ካልገባው ወደሚቀጥለው ስንኝ አብሮህ አይሻገርም። ይህን ለመረዳት ከአዝማሪ ቤት የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። «ተቀበል» ተብሎ ከጠረጴዛ የተወረወረውን ስንኝ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ይደግመዋል፤ ሳቁ ወይ ወዲያው ይፈነዳል ወይ አይፈነዳም፣ መሐል የሚባል ነገር የለም። ሰምና ወርቅ እንኳን እዚያ ቤት ሰሙ ለሁሉም ወዲያው ይገባል፣ ወርቁ ነው ጠጪው ሁለተኛ ብርሌ እስኪያነሣ የሚቆየው። አንተ ወርቁን አስቀድመህ ሰሙን ረስተኸዋል።

ሦስተኛውን በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ልንገርህ። ከዓመታት በፊት «እሱ አለ፣ ምን ጎደለኝ» የሚል ስንኝ ጽፌ ነበር፤ አምላክ ስላለልኝ ምንም አልጎደለኝም ለማለት ነው። ዜማው «አለ» ላይ በጣም ፈጣን ስለነበር ድምፃዊው ለ-ን ማጥበቅ አልቻለም፤ ላልቶ ሲሰማ «እሱ ‹ምን ጎደለኝ› አለ» ሆነና የምስጋናው ዘፈን የሐሜት ዘፈን መሰለ። ሥራው ታትሞ ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት። «ገና»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ «አልደረሰም»፣ ሲጠብቅ በዓሉ ይሆናል። ፊደላችን ጥብቅና ላላን ስለማይለይ ወረቀት ላይ አይታይህም። ስለዚህ ግጥምህን ለማንም ከመላክህ በፊት ራስህ በስልክህ ዘፍነህ ቅዳው፤ ድምፅህ ቢያስጠላም ግድ የለም፣ የሚሰማው አንተ ብቻ ነህ።

ልምምድ ከጠየቅከኝ ደግሞ አንድ ብቻ እሰጥሃለሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ የሕዝብ ዜማ ውሰድና አሥር የተለያዩ ግጥሞች ጻፍለት፤ አንዱ የሠርግ፣ አንዱ የስደት፣ አንዱ የኩርፊያ ይሁን። አብዛኛው ሥራ ዛሬ ዜማ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ የዜማ ደራሲው በቴሌግራም «ላላላ» እያለ የቀዳውን ይልክልሃል፣ አንተ በዚያ ልክ ቃል ትሰፋለታለህ። ጨርቁን ሰፍቶ ሰውየውን የሚፈልግ ልብስ ሰፊ አይተህ ታውቃለህ?

ባስ ክለፍ

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ ብቀበልም ጥያቄው «ለገበያ» የሚል ስለሆነ አንድ ነገር መቃወም እፈልጋለሁ። ከስቱዲዮ ወንበር ሆኜ እንደማየው፣ ገበያ ላይ ግጥም ብቻውን የሸጠው ዘፈን ጥቂት ነው፤ ቅንብሩ የማይረባ ሆኖ በግጥሙ የተረፈ ሥራ በእጄ አላለፈም፣ ተራ ግጥም ይዞ በቅንብሩና በምቱ የተወደደ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ግጥም ጸሐፊው ቢያንስ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የቆመበትን የድምፆች ስልት፣ መለየት አለበት። ኖታ ማንበብ አያስፈልግህም፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በጆሮህ መለየት ግን ያስፈልግሃል። ትዝታ ሜጀር «ዶ ሬ ሚ ሶል ላ» ሲሆን ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ሲወርዱ ማይነሩ ይመጣል፤ በሁለት ድምፅ ልዩነት ብቻ የዘፈኑ ፊት ይለወጣል። የሠርግ ደስታ የሚናገር ግጥም በማይነሩ ላይ ጭነውብኝ የመጡ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ሙሽራዋን ቀብር የሚሸኙ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ቀን መቁጠሪያህን እይ። አልበም ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ሲወጣ የምታየው በአጋጣሚ አይደለም። በዐቢይ ጾም ምሽት ቤቱም ሠርጉም ስለሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ የጭፈራ ዘፈን የሚለቅ ሰው እምብዛም የለም። ሠርግ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ እስከ ጾሙ መግቢያ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ይበዛል። የሠርግ ዘፈን የጻፈ ሰው ሥራው ከተያዘለት በየዓመቱ ያለ ማስታወቂያ ይታደስለታል፤ የፍቅር ዘፈን ግን በየወሩ ከመቶ ዓይነት የፍቅር ዘፈን ጋር ይጋፋል። ጀማሪ ብሆን እዚያ እጀምር ነበር።

አዝማችህንም አታዘግይ። ካሴት ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ለመዝለል ቴፑን ማጠንጠን ስለነበረበት ረጅም መግቢያ ይታገስ ነበር። አሁን አድማጩ አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ነው።

ከስቶክሆልም

ላለፉት በርካታ ዓመታት ስዊድን ስለምኖር ይህን ጉዳይ ከሌላ በኩል አይቼዋለሁ። ዴኒዝ ፖፕ ያቋቋመው ቼይሮን የተባለው ስቱዲዮ በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) እዚሁ ከተማ ሆኖ ለአሜሪካ ገበያ ዘፈን ያመርት ነበር፤ የዘፈን ደራሲው ማክስ ማርቲንም የወጣው ከዚያ ነው። እነሱ ዜማን አስቀድመው፣ ትርጉም በሌለው ድምፅ እየሞሉ፣ የስንኞቹ ምት ከዜማው ጋር ልክ እስኪገጥም ድረስ እየቆረጡ በጋራ ይሠራሉ። አንዱ የሌላውን ስንኝ ሲጥል የሚኮራረፍ የለም። «የድሮ ካሴት» የጻፈው የስድስትና የአምስት አቆጣጠር ከዚህ ጋር መመሳሰሉ አስገርሞኛል።

አንድ ነገራቸው ግን ለአማርኛ አይሠራም ባይ ነኝ። እነሱ እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለነበር ለዜማው የተመቸ እስከሆነ ድረስ ትርጉሙ ጎርበጥ ቢል አይጨነቁም ነበር፤ የዓለም አድማጭም ይቅር ብሏቸዋል። የእኛ አድማጭ ግን ዘፈን ሲሰማ «ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። እዚህ በምንሰበሰብባቸው ድግሶች እንኳን ሰዎች ከምቱ ይልቅ በአንዲት ስንኝ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ስለዚህ የጋራ አሠራሩን ውሰድ፣ ትርጉም ላይ ያላቸውን ቸልታ ተውላቸው።

ውልና ማስረጃ

እስካሁን ስለ ገንዘቡ ማንም ስላላነሣ ባጭሩ ላስገባ። ግጥምህ ወጥ ሥራ ሆኖ በጽሑፍ ወይም በቅጂ ከተቀመጠ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሳታስመዘግበውም ጥበቃ አለው፤ የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመንህና ከሞትህ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አዋጁ በ872/2007 ተሻሽሏል። ሐሳብ ግን አይጠበቅም፤ «ስለ ጃንጥላ ልጽፍ ነው» ብለህ ለሰው ብትነግርና እሱ ቢቀድምህ የምትከስበት ነገር የለም።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚጎዱት እዚህ ጋ ነው። ድምፃዊው ወዳጅ ስለሆነ በቃል ይስማማሉ፣ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ሲደምቅ ደግሞ ድርሻ እንዳላቸው ያስባሉ። መብትህን ስታስተላልፍ በጽሑፍ ይሁን። ለምን ያህል ጊዜ፣ ለየትኛው መንገድ (ለአልበም፣ ለበይነ መረብ፣ ለማስታወቂያ) እንደሆነ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ስምህም ከዜማና ከቅንብር ባለሙያዎቹ ስም ጋር እንዲወጣ አስገባው። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ሲጀምሩ ዘፈን በነጠላ በስልክ እንዲሸጥና ገንዘቡ ወደ ባለሙያው እንዲመለስ አስበው ነው፤ እንዲህ ዓይነት መንገድ ቢኖርም ግን ድርሻህን የሚወስነው በእጅህ ያለው ወረቀት ነው።

ደብተሩ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስለ ጥላው መቅላት የጻፉትን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ማታ እራት ላይ ለእህቴ ሳነብላት ግን እሷም «ጥላ ይቀላል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ስለዚህ አዝማቹን ጣልኩት። ትናንትና ዛሬ ያዘዙኝን ልምምድ ስሠራ ቆይቼ ከተጻፉት ውስጥ አንዱን ላሳይዎ፤ ጃንጥላውንም ከውልና ማስረጃ ነው የወሰድኩት፣ በሐሳብ አይከሰስም ስላሉ።

ጃንጥላሽ እኔ ጋ ቀርቶ ካምና ክረምት፣
ዛሬም ይዤው ቆምኩኝ ልሰጥሽ ደጅሽ ፊት።

በአፌ ስቆጥረው ስድስት ስድስት መጣልኝ። በስልኬ ቀድቼም ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ ግን የሆነ ነገር ይደናቀፍብኛል፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

የድሮ ካሴት

ይኸው አሁን ድምፃዊ ፊት የሚቀርብ ነገር አመጣህ። «ከዐምና» ብለህ አለመጻፍህ ጥሩ ነው፤ ሰው በአፉ «ካምና» ነው የሚለው። ጃንጥላውን ለመመለስ ሰበብ የሚፈልግ ሰው መሆኑም ሳትናገረው ይሰማል። ቤቱ የሚመታው በሳድሱ «ት» ስለሆነ ለመነሻ ግጥም ይበቃል፤ አዝማች ስታደርገው ግን ድምፃዊው ድምፁን የሚያረዝምበት ቦታ ስለሚፈልግ እንደ «ና»፣ «ላ»፣ «ዋ» ባለ ራብዕ ፊደል የሚያልቅ ሌላ ጻፍለት፤ በ«ት» ላይ አፍ ይዘጋል።

መደናቀፉን ደግሞ በትክክል ሰምተኸዋል። «ደጅሽ» ላይ «ጅ» እና «ሽ» ሁለቱም ከአንድ ቦታ ስለሚወጡ ምላስ ከአንዱ ሳትላቀቅ ሌላው ይመጣባታል፤ ቀደም ብሎ «ልሰጥሽ» ሌላ «ሽ» ጨምሮበታል። ሦስት ጊዜ አፍጥነህ ዝፈነው፣ ከዚያ በ«ደጅሽ» ቦታ «በርሽ» አድርገህ እንደገና ዝፈነው፤ ቁጥሩ አይለወጥም። የተሻለውን ቀድተህ እዚሁ ላክልኝ።