ክርክር፦ «አይ ካን ስፒክ ኢንግሊሽ ቬሪ ጉድ» ያለ ሰው ከኢንተርቪው ይውደቅ?

አድሚን፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ ላጨቃጭቃችሁ ነው። በቀደም አንድ መስሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) ለካስተመር ሰርቪስ ሰው ሲቀጥር ፓነል ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዷ ልጅ ገባች፣ እንግሊዝኛሽ እንዴት ነው ስትባል «አይ ካን ስፒክ ኢንግሊሽ ቬሪ ጉድ» አለች። ከዛ ደንበኛ ተናዶ ቢደውልልሽ ምን ታደርጊያለሽ ተባለች፣ ሳትደናገጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳች፣ ሁላችንም ገብቶናል። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ግን «ስለራሷ ችሎታ ስትናገር ዌል ማለት ያቃታት ልጅ» ብሎ ከ5 ላይ 2 ጣል አረገላት። ቀጥሎ የገባው ልጅ «አይ ስፒክ ኢንግሊሽ ፍሉዌንትሊ» ብሎ ጀመረ፣ ከዛች ዐረፍተ ነገር በኋላ ያለው በሙሉ ሽምደዳ ነው፣ ከተጠየቀው ጋር አይገናኝም፣ እሱ 4 አገኘ። እና ጥያቄዬ፣ ችሎታን ስንናገር አድቨርብ (እንደ ዌል ያለ ግስን የሚገልጽ ቃል) መሳት ሰው የሚያስጥል ነገር ነው ወይ? ስድብ ክልክል ነው።

ቾክ እና ዳስተር፦
ሰውዬው ልክ ነው። ጉድ ስምን ነው የሚገልጸው፣ ዌል ግስን ነው የሚገልጸው፣ በቃ። «ሺ ኢዝ ኤ ጉድ ድራይቨር» ትላለህ፣ «ሺ ድራይቭስ ዌል» ትላለህ። እኔ ይሄን ሳስተምር ፀጉሬ ሸበተ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ይቺን መሳት የለበትም፣ በተለይ ስራው ራሱ ወሬ ከሆነ።

ሹፌሩ ከዲሲ፦
መምህር አንተ እዚህ ብትመጣ ታብዳለህ። ጠዋት የምጭነው ጠበቃ ሃው አር ዩ ስለው «አይም ዱዊንግ ጉድ» ነው የሚለኝ፣ ማታ ኳስ ተጫዋቹ ቲቪ ላይ «ዊ ፕሌይድ ጉድ» ይላል፣ ማን ቀጣው? አፕል እንኳን በፈረንጆቹ 1997 ላይ በዛ ሁሉ ብር ማስታወቂያ ሲሰራ «ቲንክ ዲፈረንት» ነው ያለው፣ መጨረሻው ላይ አድቨርብ የምታደርገው ሊ የለውም። ሌላም ልንገርህ፣ እዚህ አሜሪካ ሲትዝንሺፕ (ዜግነት) ስትፈተን ሶስት ዐረፍተ ነገር ያቀርቡልሃል አንዱን በትክክል ካነበብክ አለፍክ፣ መጻፉም እንደዛው ከሶስት አንድ፣ ስትጽፍ ስፔሊንግ ብትስት ትንሽ ግራመር ብትስት ትርጉሙን እስካላበላሸኸው አይጥሉህም። ዜግነት የሚሰጠው መንግስት ያለፈውን ስህተት አዲሳባ ያለ ኤችአር (ሰራተኛ ቀጣሪ) ምን ቤት ነው?

ቾክ እና ዳስተር፦
ጠበቃው ሲለው ስታይል ነው፣ የኛ ልጅ ስትለው ስህተት ነው። አለም እንደዛ ነው የሚመዝነን፣ እኔ አልፈጠርኩትም። ደሞ ዜግነት ከስራ ጋር ምን አገናኘው፣ እዛ ዝቅተኛውን ነው የሚለኩት፣ እዚህ እኮ ከመቶ አመልካች አንድ ልትመርጥ ነው።

ሹፌሩ ከዲሲ፦
እሱስ እውነትህን ነው፣ የኛ ስህተት ይጎላል። ግን ታዲያ የፈረንጁን አድልዎ እኛው ለኛው ሰው እንስራው ነው የምትለው?

የሪያዷ፦
እኔ ጉድና ዌል ግድ የለኝም፣ ማንም ይገባዋል። ሃርድሊ ነው ሰው የሚያጠፋው! የአክስቴ ልጅ ለሆቴል ስራ በቪዲዮ ሲጠይቋት «አይ ካን ወርክ ሃርድሊ» አለች፣ በርትቼ እሰራለሁ ማለቷ እኮ ነው የኔ ምስኪን፣ ሃርድሊ ግን «እምብዛም» ማለት ነው። ሰውየው ዝም አላት፣ «ዩ ካን ሃርድሊ ወርክ?» አላት መልሶ፣ እሷ ደግሞ ያረጋገጠላት መስሏት «የስ ሰር፣ ቬሪ ሃርድሊ» 😭 ስራ መስራት አልችልም ብላ ሁለቴ ፈረመች ማለት ነው። ኤጀንሲው አልተመረጥሽም ብቻ ብሎ ዘጋው፣ ምክንያቱን ያወቅነው እሷ የተባባሉትን ስትተርክልን ነው።

ዝምተኛው፦
ኧረ ይሄ ነው ዋናው ነገር፣ ለምን እንዳለፋችሁት አልገባኝም። መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ራስዎ ነዎት ያመጡት፣ ማለቴ የትምህርት ቤታችን አስተምህሮ። «አድጀክቲቭ (ስምን የሚገልጽ ቃል) ላይ ሊ ጨምሩበት አድቨርብ ይሆናል» እየተባለ ነው ያደግነው። ክዊክ ክዊክሊ፣ ስሎው ስሎውሊ፣ ኢዚ ኢዚሊ፣ እሺ። ከዛ ልጁ ህጉን አክብሮ ፋስት ላይ ሊ ይጨምርና «አይ ካን ታይፕ ፋስትሊ» ይላል፣ ፋስትሊ የሚባል ቃል የለም፣ ይሄ ያስቃል እንጂ አይጎዳም። ያው ልጅ በዛው ህግ ሃርድ ላይ ሊ ይጨምራል፣ እዚህ ላይ ግን አላወቀውም እንጂ ዐረፍተ ነገሩን ገለበጠው፣ እችላለሁ ያለው አልችልም ማለት ይቃረባል። ሌትና ሌትሊም እንደዛው ናቸው፣ «አይ ካን ወርክ ሌትሊ» ያለው ልጅ እኮ አምሽቼ መስራት እችላለሁ ለማለት ነው፣ ሰሚው ግን ሰሞኑን የሚል ነው የሚሰማው። እንግዲህ ፓነሉ ትርጉም ያላጠፋችውን ልጅ 2 ሰጥቶ ሊ ያለበትን ቃል ሲሰማ ልቡ ደስ የሚለው ከሆነ የሚመዝነው እንግሊዝኛ አይደለም፣ የክፍል ውስጥ ትዝታውን ነው የሚመዝነው።

ቾክ እና ዳስተር፦
ልዩ የሆኑትንም እናስተምራለን። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 40 ደቂቃ ተሰጥቶህ ሞክረው እስቲ።

ዝምተኛው፦
አምናለሁ መምህር፣ ጥፋቱን በእርስዎ አልደፋም። ፈተናውም እኮ ምርጫ ነው፣ የ12ኛ ማትሪክ ላይ ሀ ለ ሐ መ ታጠቁራለህ፣ አፍህን ከፍተህ የምትናገርበት ክፍል የለም። የ2014 ዓ.ም ፈተናን ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ተብሎ አገር ሲጮህ ያለፉትም የወደቁትም በእንግሊዝኛ ሲናገሩ የሰማቸው ፈታኝ አልነበረም። ወረቀት ላይ ዌልን የሚያጠቁር ልጅ ኢንተርቪው ላይ ጉድ ቢል ምን ይገርማል፣ ቦታውም ይምታታበታል፣ በአማርኛ «በደንብ» ከግሱ ፊት ነዋ የሚመጣው፣ «አይ ቬሪ ዌል ስፒክ ኢንግሊሽ» ብሎ ያርፈዋል።

ኮክፒት፦
ከኤቪዬሽን ልጨምር። ፓይለትና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ እንግሊዝኛ የሚፈተነው በኢካዎ (የአለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) ስኬል ነው፣ ከ1 እስከ 6፣ ለኢንተርናሽናል በረራ ዝቅተኛው 4 ነው፣ 4 ያለው ሰው በየ3 አመቱ እንደገና ይፈተናል። እና ደረጃ 4 ላይ የተጻፈው ስህተት ሊኖር ይችላል ግን ትርጉሙን የሚያበላሸው አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚል ነው። ሰው ጭኖ ለሚበር እንዲህ ከተባለ ስልክ ለምታነሳ ልጅ ከዛ በላይ ምን ፈለጋችሁ?

ቾክ እና ዳስተር፦
አቪዬሽን ካነሳህማ በፈረንጆቹ 1990 ኒውዮርክ ላይ የወደቀውን የኮሎምቢያ አቪያንካ አውሮፕላን አስታውስ፣ 73 ሰው አልቋል። ነዳጅ እያለቀብን ነው አሉ፣ ኢመርጀንሲ የምትለዋን ቃል ግን አላወጧትም። ቃል በቦታው ካልሆነ ሰው ይሞታል።

ኮክፒት፦
ትክክል መምህር፣ ግን እዛ ላይ ግራመር ማን ሳተ? ዐረፍተ ነገሩ ንጹህ ነበር፣ የጎደለው የጉዳዩ ክብደት ነው። እንደውም የኔን ሀሳብ ነው የደገፉልኝ።

ሲቪ አንባቢ፦
እኔ ኤችአር ነኝ፣ እስካሁን ዝም ያልኩት ሆዴ እየተላወሰ ነው 😂 ሲቪ ላይ «ፍሉዌንት» (አቀላጥፌ እናገራለሁ) የማይል ሰው ካለ አሳዩኝ። አማርኛ ፍሉዌንት፣ እንግሊዝኛ ፍሉዌንት፣ አረብኛ ደግሞ ፌር፣ ዱባይ ትራንዚት አድርጎ ነው። ለኔ ትልቁ የአድቨርብ ስህተት ይሄ ነው፣ ቃሉ በትክክል ተቀምጧል ግን ሰውየው ዋሽቷል። ጉድ ያለችው ልጅ ቢያንስ ያለችውን ሆና ተገኘች። ስኮር ስናደርግም አንድ ጠያቂ ደስ እንዳለው ከሚሰጥ አይኤልትስ (አለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ፈተና) ላይ እንዳለው ቢከፋፈል ጥሩ ነው፣ ስፒኪንጉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ አራት መመዘኛ አለው፣ ሳይቆራረጡ ማውራት፣ የቃላት ሀብት፣ ግራመር፣ አነጋገር፣ እኩል ነው የሚያዙት። ግራመር ሩቡ ነው ማለት ነው፣ አንዲት ጉድ ደግሞ የሩቡን ስንት ትሆናለች እስቲ አስሉት።

ሹፌሩ ከዲሲ፦
ይሄን ስክሪንሹት አድርጋችሁ ለሰውየው ላኩለት

ሰኞ ኢንተርቪው አለኝ፦
እናንተ ስትከራከሩ እኔ ፈርቼ ልሞት ነው። ሰኞ የባንክ ኢንተርቪው አለኝ፣ እንግሊዝኛህ እንዴት ነው ቢሉኝ ምን ልበል ታዲያ???

ሲቪ አንባቢ፦
ራስህን ደረጃ አትስጥ ወንድሜ፣ የምትሰራውን ተናገር። «አይ ካን ኤክስፕሌይን ኤ ሎን ቱ ኤ ከስተመር ኢን ኢንግሊሽ» በል። ከዛ አስረዳ ካሉህ አስረዳ። ብድር አሰጣጡን ግን ማታ አንብበው፣ እዛ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚንተባተበው።

የሪያዷ፦
ሃርድሊ እንዳትል ብቻ! «አይ ወርክ ሃርድ» በቃ፣ ከዛ ዝም።

ዝምተኛው፦
ያለፈ ስራ ከጠየቁህም «አይ ኩድ ፊኒሽ» ከማለት «አይ ማኔጅድ ቱ ፊኒሽ» በል፣ አንድ ጊዜ ለተሳካ ነገር ኩድ አይመቸውም፣ ችዬ ነበር ግን አልጨረስኩም የሚል ሊመስላቸው ይችላል።

ቾክ እና ዳስተር፦
ይሄኛው ምክር ጥሩ ነው። የሲቪ አንባቢው ግን አድቨርቡን ሸሸው እንጂ አልመለሰውም። ልጄ፣ ግድ ካሉህ «ኳይት ዌል» በል፣ ቬሪ አትጨምር፣ ቬሪ ካልክ በኋላ የሚከተለውን ነው የሚያዳምጡህ።

ሰኞ ኢንተርቪው አለኝ፦
እሺ መምህር፣ ኳይት ዌል። ኳይት ሲጻፍ ኢዋ መጨረሻ ነው ወይስ ከቲ በፊት?

ቾክ እና ዳስተር፦
መጨረሻ። ከቲ በፊት ካረግካት ጸጥ ያለ ማለት ይሆናል። ግን አትጻፈው፣ በአፍህ ነው የሚጠይቁህ።