የዴቪ ፋኖስ የከሰል ቆፋሪውን አዳነው ወይስ ገደለው?

ጥላሁን፦ ሰዎች አንዴ ፍረዱኝ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሠራው ፋኖስ የእንግሊዝን የከሰል ቆፋሪዎች ከፍንዳታ አዳነ ብዬ ትናንት ካፌ ውስጥ ባወራ ጓደኛዬ “እንዲያውም ጨረሳቸው” ብሎኝ በማኪያቶ ተወራረድን። ማነው ልክ?

ቢኒ፦ ጓደኛህ ቀልዶብሃል። ከዚያ በፊት የነበረውን እይ እስኪ፣ ኒውካስል አጠገብ ፌሊንግ የሚባል ጉድጓድ በ1812 ፈንድቶ 92 ሰው አለቀ፣ እሳቱ አየር አጥቶ እንዲጠፋ ብለው አፉን ደፍነውት አብዛኛው ሬሳ የወጣው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ሥራው በሻማ ነበር፣ ከከሰሉ የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝ በዛ በሚባልበት ቦታ ደግሞ አንድ ልጅ የብረት ጎማ ባልጩት ላይ እያሽከረከረ በሚረጨው ፍንጣሪ ነው የሚያዩት፣ በፍንጣሪ! ዴቪ ነበልባሉን በደቃቅ የሽቦ ወንፊት ከበበው፣ ሽቦው ሙቀቱን ስለሚበትነው እሳቱ ውጪ ያለውን ጋዝ አይለኩሰውም፣ ጭራሽ ጋዝ ሲኖር ነበልባሉ ይረዝምና ሰማያዊ ሆኖ ያስጠነቅቅሃል። ፓተንት እንኳ አላወጣበትም ሰውየው።

ሰብለ፦ ቢኒዬ ደግነቱን ማን ካደ። ግን ፓርላማው በ1835 ሲያጣራ በሰሜን እንግሊዝ ደርሃምና ኖርዘምበርላንድ ጉድጓዶች ውስጥ ከፋኖሱ በፊት በነበሩት 18 ዓመታት 447 ሰው ሞቶ ከፋኖሱ በኋላ ባሉት 18 ዓመታት ደግሞ 538። በዚያው ዓመት ዎልሰንድ የሚባል ጉድጓድ ላይ ብቻ 102 ሰው አለቀ።

ቢኒ፦ እንዴ፣ ምርቱም ሠራተኛውም በዝቷላ! በንጽጽር እንጂ በጥሬው አይቆጠርም።

ሰብለ፦ ለምን በዛ ታዲያ? ጋዝ አለበት ተብሎ የተተወው ክፍል ሁሉ “አሁንማ ፋኖስ አለ” እየተባለ ተከፈተ፣ ጥልቅም ተወረደ፣ የጉድጓዱ ባለቤት ደግሞ ሌላ የአየር ጉድጓድ ለማስቆፈር ብር ከሚያወጣ ፋኖስ ገዝቶ ማደል ረከሰው። እኔ ፋኖሱን አይደለም የምከሰው እሱን ሰበብ ያደረገውን ነው።

ቢኒ፦ ሠራተኞቹስ? ወንፊቱን እያወለቁ ነበር እኮ የሚሠሩት።

ጋሽ ተሾመ፦ ልጄ አንተ በኩራዝ አላጠናህም መሰለኝ። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኩራዝ ነው ያነበብኩት፣ ጥቀርሻው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ጠዋት ጥቁር ንፍጥ ነው የምናወጣው። እዚያ ኩራዝ ላይ ወንፊት ደፍተህበት በደበዘዘው ብርሃን ከሰል ፈልፍል ቢሉህ፣ ያውም ክፍያህ በሞላኸው ጋሪ ልክ ከሆነ፣ አታወልቀውም? አይ እንግዲህ።

ቢኒ፦ እሺ ጋሼ 😄 ግን ሳይወለቅ ይሠራል ነው የምለው።

ሰብለ፦ ሁሌ አይሠራም። የአየሩ ንፋስ ከጠነከረ ነበልባሉ በሽቦው ቀዳዳ ተገፍቶ ይወጣል፣ ሽቦው ከዛገ ወይ ትንሽ ከተቀደደም አበቃ። ስለዚህ ጋዙን ለማባረር ቬንቲሌሽን (የአየር ዝውውር) ስትጨምር ፋኖሱ ራሱ አደጋ ይሆንብሃል። ገባህ?

ዮናስ፦ እናንተ ስትከራከሩ እኔ የምስቀው በፋራዴይ ነው፣ አዎ ያው የኤሌክትሪኩ። በ1844 ሃስዌል የሚባል ጉድጓድ ፈንድቶ 95 ሰው ሲሞት መንግሥት እሱንና ሊዬል የሚባለውን ጂኦሎጂስት ላካቸው፣ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ከረጢት ነገር ላይ ቁጭ ብሎ አጠገቡ ሻማ እየበራ “ባሩዳችሁን የት ነው የምታስቀምጡት?” ብሎ ቢጠይቅ የተቀመጠበት ከረጢት ነው አሉት 😂 ዘሎ ተነሳ። ቁምነገሩ ግን የከሰሉ ብናኝ ራሱ እንደሚቀጣጠልና ፍንዳታውን እንደሚያስፋፋ ያኔ ጽፈዋል፣ ሰሚ አልነበረም። ብናኙን ደግሞ በፋኖስ አታቆመውም።

ቢኒ፦ ብናኙን እቀበላለሁ። በ1866 ባርንስሊ አካባቢ ኦክስ የሚባል ጉድጓድ ላይ ከ360 በላይ ሰው ሲያልቅ ፋኖሱ ከወጣ 51 ዓመቱ ነበር፣ ለማዳን ከወረዱት ውስጥ 27ቱ በማግስቱ በሁለተኛው ፍንዳታ ሄዱ። ያም ሆኖ ወደ ሻማ ይመለሱ የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ሰብለ፦ ማንም አላለም እኮ! የአየር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ አየር አስገቡ፣ ከዚያ ፋኖስ ስጡ ነው። አንተ ቅደም ተከተሉን ትዘለዋለህ።

ጥላሁን፦ ማኪያቶውን ታዲያ ማን ይክፈል?

ጋሽ ተሾመ፦ ቆይ ማኪያቶህን። ሰብለ፣ አየሩ በትክክል እንዲዞር የውስጥ በሮቹን የሚከፍቱና የሚዘጉ ትንንሽ ልጆች ነበሩ ይባላል፣ ለእነሱስ ፋኖስ ይሰጣቸው ነበር?

ሰብለ፦ ጋሼ እነሱማ አብዛኞቹ በጨለማ ነው የሚቀመጡት፣ በቀን እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ፣ የበሩን ገመድ ይዘው። የጋሪ ድምፅ ሲሰሙ ይስባሉ፣ ካለፈ ይለቃሉ። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች እንዳይወርዱ የተከለከለው በ1842 ነው፣ ሴቶች ደግሞ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ጭራሽ ተከለከሉ። አንዳንዱ ቆፋሪ ሲያልፍ ከሻማው ቁራጭ ይተውላቸዋል።