ኖዋር ኮሚክ ፊልም ሲሆን፦ እንዳለ ይወሰድ ወይስ ይፍረስ?

የማታ_ተመልካች፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ከጓደኛዬ ጋር የተከራከርንበት ነገር አለና እስቲ ሐሳብ ስጡኝ። የፍራንክ ሚለርን «ሲን ሲቲ» የተባሉ ኖዋር (ጨለማና ወንጀል የሞላበት የታሪክ ዓይነት) ኮሚኮች አንብቤ ስጨርስ የ2005ቱን ፊልም መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ጉድ ነው! ፊልሙን እያቆምኩ ከገጹ ጋር ሳስተያይ ሰውየው የቆመበት ቦታ፣ የጥላው አወዳደቅ፣ የሚናገረው ነገር ሳይቀር አንድ ነው። በጣም ወደድኩት። ከዚያ የ2014ቱን ሁለተኛ ፊልም ከፈትኩ። ዳይሬክተሮቹ ያው ሮበርት ሮድሪጌዝ፣ ያው ሚለር፣ ያው ጥቁርና ነጭ፣ ግን ግማሹ ሳይደርስ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። ጓደኛዬ «ኮሚክን እንዳለ መገልበጥ ድሮውንም ስንፍና ነው፣ የመጀመሪያው አዲስ ስለሆነብህ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው እንዴ?

ቆራጩ፦
ጓደኛህ አንድ ቀን ግሪን ስክሪን (ኋላውን በኮምፒውተር ለመቀየር የሚዘረጋ አረንጓዴ ጨርቅ) ፊት መብራት ሲተከል ቢያይ ስንፍና አይልም ነበር። እኔ የሠርግና የማስታወቂያ ኤዲተር ነኝ። አንዲት ሴት አረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቁሜ ፀጉሯን ንጹሕ አድርጌ ለማውጣት እንኳ አበሳዬን ነው የማየው። እነዚህ ግን ፊልሙን ከሞላ ጎደል በሙሉ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ባለው የሮድሪጌዝ ስቱዲዮ ውስጥ እንዲህ ነው የቀረጹት። ሚኪ ሩርክና ኤላይጃ ዉድ የሚደባደቡበት ቦታ ትዝ ይልሃል? ሲቀረጽ ሁለቱ ፊት ለፊት አልተገናኙም። ለየብቻ ተቀርጸው ነው የተገጠሙት።

ነጩን ደም ደግሞ እየው። ኮሚኩ ላይ ደም ማለት ጥቁር ቀለም መሃል የቀረ ባዶ ወረቀት ነው። ተራ ቀይ ደም ቀርጸህ ቀለሙን ብታወጣበት ግራጫ ነው የሚሆነው፣ ያን ነጭ አታገኘውም። ስለዚህ የሚያበራ ፍሎረሰንት ፈሳሽ ረጭተው በብላክ ላይት (በአልትራቫዮሌት መብራት) ቀረጹና በኋላ ወደ ነጭ ቀየሩት። ሩርክ የሚጫወተው የማርቭ ፊት ላይ ያሉት ፕላስተሮችም ከሁሉም ነገር በላይ ነጭ ሆነው የሚያበሩት በአጋጣሚ አይደለም። ሚለር ሲስል ግራጫ አያውቅም፣ ግማሹ ፊት ጥቁሩ ውስጥ ይጠፋና የቀረውን አንተ በሐሳብህ ትሞላዋለህ። የሰው ቆዳ ካሜራ ፊት ሲቆም ግን በግራጫ የተሞላ ነው። የፊልሙ ልፋት በሙሉ ከዚህ ግራጫ ጋር ነው።

ሌላም ልጨምርልህ። ሮድሪጌዝ ሚለርን አብሮት ዳይሬክተር ብሎ ሊያስጽፈው ሲል የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንቡ አይፈቅድም አለው። እሱም ከማኅበሩ ለቀቀ። ሰነፍ ሰው ይሄን ያደርጋል?

ማሂ_ሲኒማ፦
እኔ ደግሞ በከፊል ከጓደኛህ ጋር ነኝ። ልፋቱ ሌላ፣ ፊልሙ ሌላ። ቆራጩ፣ አትቀየመኝ።

«ሮድ ቱ ፐርዲሽን»ን እዩ። ማክስ አለን ኮሊንስ ጽፎት ሪቻርድ ፒርስ ሬይነር የሣለው፣ በ1998 የወጣ ኮሚክ ነው። ኮሚኩ ላይ ለወንበዴዎች ይሠራ የነበረው አባት ልጁን ይዞ ሰው እያጨደ ነው የሚሄደው፣ ተኩስ በተኩስ ነው። ሳም ሜንዴዝ በ2002 ፊልም ሲያደርገው ያን ሁሉ ቀነሰው። ጁድ ሎው የተጫወተው፣ የሬሳ ፎቶ የሚያነሳው ነፍሰ ገዳይ ኮሚኩ ላይ ጭራሽ የለም። የዝናቡ ሌሊት ግን... ፖል ኒውማን የሚጫወተው የወንበዴዎቹ አለቃ ከሰዎቹ ጋር ወደ መኪናው ይሄዳል። ሾፌሩ ሞቷል። ከጨለማው ውስጥ የተኩስ ብልጭታ ብቻ ይታያል፣ ድምፅ የለም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ሽማግሌው አለቃ ግን የሚተኩሰው አባትየው መሆኑ ገብቶታል፣ ዞር አይልም። ኮንራድ ሆል በዚህ ፊልም ካሜራ ሥራው ኦስካር ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው፣ ሲያንሰው ነው። ወረቀት ድሮም ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ድምፅ መንፈግ የሚባል ነገር ወረቀት ላይ አይሠራም። ይሄ ከየትኛውም ፓኔል (የኮሚክ ሥዕል ክፈፍ) አልተገለበጠም።

የማታ_ተመልካች፦
ማሂ፣ ትዕይንቱስ ልክ ነሽ፣ እኔንም ፀጉሬን አቁሞታል። ግን ያን ፊልም ካዩት ስንቱ ኮሚክ መሆኑን ያውቃል? ሁሉን ከቀየርክ ምኑን ወሰድከው?

ማሂ_ሲኒማ፦
አባትና ልጁን ወሰደ፣ በቃ። ባያውቁስ ምን አለበት? የዳይሬክተር ክሮነንበርግ «ኤ ሂስትሪ ኦቭ ቫዮለንስ»ም የ2005 ነው፣ እሱም ከኮሚክ ነው የመጣው፣ ሁለተኛው አጋማሽ ከመጽሐፉ ጋር አይተዋወቅም። ኮሚኩ ላይ ሪቺ የጀግናው የልጅነት ጓደኛ ነው፣ ፊልሙ ላይ ወንድሙ ሆነ። ያ አንድ ለውጥ ነው የመጨረሻውን ትዕይንት የቤተሰብ ጉዳይ ያደረገው።

ጥቁር_ሻይ፦
ዘግይቼ ገባሁ። ሁለታችሁም የ2014ቱ ለምን እንደወደቀ አልመለሳችሁለትም፣ ልጁ የጠየቀው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ወደ 158 ሚሊዮን አስገባ። ሁለተኛው ብዙ ወጥቶበት 40 ሚሊዮን እንኳ አልደፈነም። ዘጠኝ ዓመት ጠፍተው ሲመለሱ ያ መልክ ለዓይን አዲስ አልነበረም፣ እዚህ ላይ የጓደኛህ ነገር እውነት አለው። ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የሁለተኛው ፊልም ሁለት ታሪኮች፣ የወጣቱ ቁማርተኛና የዳንሰኛዋ ናንሲ በቀል፣ ሚለር ለፊልሙ ብሎ አዲስ የጻፋቸው ናቸው። ከኮሚኩ አልተገለበጡም! ለእኔ የደከመውም እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ፊልም የሞተው ፖሊስ የሃርቲጋን መንፈስ ጥግ ላይ ቆሞ ሲያዝን ማየት ምን ይጨምራል? ስለዚህ መገልበጡ አይደለም የጎዳው። የሚገለበጥ ጥሩ ነገር ሲያልቅ ነው የተጋለጡት።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሚለር በ2008 ብቻውን የሠራው «ዘ ስፒሪት» አለ። የዊል አይስነር ኮሚክ ቀልድና ልስላሴ ያለው ነው። ሚለር የሲን ሲቲን ልብስ ከነጫማው አለበሰውና ገደለው።

የተራኪ ድምፅ ነገርም አለ። ኮሚክ ላይ ሣጥኗ ውስጥ ያለችውን ጽሑፍ በራስህ ፍጥነት ነው የምታነባት፣ ስትፈልግ ትዘላታለህ። ፊልም ላይ ተዋናዩ እየነገረህ ነው፣ ዓይንህ እያየው ያለውን ነገር ደግሞ! ማርቭ ላይ ይሄ ያምራል፣ ምክንያቱም ሰውየው መድኃኒቱን ረስቶ የሚዞር ነው፣ ከራሱ ጋር ሲያወራ ታምነዋለህ። ሌላው ተራኪ ድዋይት ላይ ግን ለእኔ ይበዛል። እኔ ዳይሬክተር ብሆን ፍሬሙን ሁሉ እንዳለ ወስጄ ከትረካው ግማሹን እቆርጥ ነበር።

ቆራጩ፦
ጥቁር ሻይ፣ ትረካው ላይ ከጎንህ ነኝ። የማርቭን ግን አንድ ቃል እንዳትነካ!

የማታ_ተመልካች፦
ተባረኩ። ዛሬ ማታ ለጓደኛዬ ፐርዲሽንን ላሳየው ነው፣ የዝናቡ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተበላሸ ብሎ ሪሞት እንዳይነካ ብቻ።